የአገር ሒሳብ ከአውድማ ይጀምራል



እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ባለፈው መኸር ስንት ኩንታል አገባችሁ? ከዚያ ውስጥ ለዘር ስንት አስቀመጣችሁ? በቤታችሁስ ስንት ሰው ይበላል? ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። «እህሉ እስከ ሚቀጥለው አዝመራ ያደርሰን ይሆን?» ብሎ ያልተጨነቀ አባወራ፣ ጎተራዋን ደጋግማ ያላየች እማወራ የለችም።

አገርም እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው። ስንት ሰው አለ? ስንት እህል ገባ? ስንት ከብት አለ? ምን ያህል ቡና ለውጭ ገበያ ተሸጠ? እነዚህ ሁሉ መቆጠር አለባቸው። እንዲህ ያለው የአገር ቆጠራ ስታቲስቲክስ ይባላል። ቃሉ ለአፍ ያስቸግራል እንጂ ነገሩ እናንተ በየዓመቱ በጎተራችሁ ደጃፍ የምትሠሩት ሒሳብ ነው። ፊደል ቆጥራችኋል፤ መደመርና ማካፈል ችላችኋል። ስለዚህ ይህን የአገር ሒሳብ መመርመር ትችላላችሁ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ሬዲዮ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ተመረተ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ታዲያ የያንዳንዱን ገበሬ እህል ማን መዘነው? ማንም አልመዘነውም። ሁሉንም መመዘን አይቻልም።

ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው መብቃቱን ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጨርሰውም። በደንብ አማስላ በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። የአገር ቆጠራም እንደዚሁ ነው። በኢትዮጵያ ይህን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ይባል ነበር። አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል። መሥሪያ ቤቱ በየክፍሉ ጥቂት ቦታዎችን በዕጣ ይመርጣል። በነዚያ ቦታዎች ደግሞ ጥቂት ገበሬዎችን በዕጣ ይመርጣል። መረጃ ሰብሳቢው የነዚህን ገበሬዎች ማሳ ይለካል። ዱሮ የሚለካው በሜትርና በኮምፓስ ነበር፤ ኋላ ጂፒኤስ የሚባል መሣሪያ መጣ። ሰብሉ ሲደርስ ከማሳው ላይ ትንሽ ቦታ ተለክቶ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል።

እንዲህ እናስላው። የታጨደው ቦታ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱም 4 ሜትር ነው እንበል። 4 በ4 ሲባዛ 16 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚያ ቦታ 4 ኪሎ ስንዴ ተገኘ። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። 10,000 ለ16 ሲካፈል 625 ይሆናል። 625 በ4 ኪሎ ሲባዛ 2,500 ኪሎ፣ ማለት 25 ኩንታል በሄክታር ነው።

ልብ በሉ! በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ 1 ኪሎ ብትሳሳት፣ ስሕተቷ በሄክታር ከ6 ኩንታል በላይ ትሆናለች። በአገር ደረጃ ደግሞ ስንት ሚሊዮን እንደምትሆን ገምቱት። ለዚህ ነው የአገር ሒሳብ ከአውድማ ይጀምራል የምንለው።

ሦስት ጥያቄዎች

ማንም ሰው ቁጥር ሲነግራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ።

1ኛ. ምን ያህል ነው?
2ኛ. ለስንት ሰው ነው?
3ኛ. ማን ለካው? በምን ለካው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 10 ኩንታል ለ5 ሰው ቢካፈል ለያንዳንዱ 2 ኩንታል ይደርሰዋል። እህሉ ወደ 12 ኩንታል ቢያድግና ሰዉ 8 ቢሆን ግን ለያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ኩንታል ተኩል ነው። እህሉ ጨመረ፤ የሰዉ ድርሻ ግን ቀነሰ።

ስለዚህ ሰውም መቆጠር አለበት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ኤርትራን ጨምሮ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተገኘ። ከዚያ በፊት አገሪቱ የሕዝቧን ብዛት የምታውቀው በግምት ብቻ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ከ53 ሚሊዮን በላይ ተቆጠረ። በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ። 4ኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። ቆጠራ በተራዘመ ቁጥር «ለስንት ሰው ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ወደ ግምት ይመለሳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ካልተጠየቀስ ምን ይመጣል? ይህን የቻይና ገበሬዎች በሕይወታቸው ከፍለው አይተውታል። ታሪኩን እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ለማወቅ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

ሐሰተኛ ቁጥር በቻይና

በ1958 የቻይና መንግሥት «ታላቁ የወደፊት ዝላይ» የሚባል ዘመቻ ጀመረ። የገበሬው መሬት ኮሙን በሚባሉ ታላላቅ ማኅበሮች ውስጥ ተጠቃለለ። ምርት በአንድ ጊዜ እጥፍ ድርብ ይሁን ተባለ። የየወረዳው ሹሞች ውድድር ያዙ። አንዱ 50 ኩንታል በሄክታር አገኘሁ ሲል፣ ሌላው 100 አገኘሁ አለ። እውነቱን የተናገረ ወደ ኋላ ጎታች እየተባለ ተወገዘ።

በመስከረም 1958 ጓንግሺ በሚባለው ክፍል፣ ህዋንጂያንግ በተባለ ወረዳ፣ ከአንድ የሩዝ ማሳ በሄክታር ሲሰላ ከ9,700 ኩንታል በላይ ታፈሰ ተብሎ በጋዜጣ ወጣ።

እናንተ ገበሬዎች ናችሁና ፍረዱ። 9,700 ኩንታል 970,000 ኪሎ ነው። ይህ ለ10,000 ካሬ ሜትር ሲካፈል በያንዳንዱ ካሬ ሜትር 97 ኪሎ ይሆናል። አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ በሆነች መሬት ላይ አንድ ጆንያ እህል ማስቀመጥ ይቻል ይሆናል። ማብቀል ግን አይቻልም!

ነገሩ እንዴት ሆነ? ከብዙ ማሳ የደረሰውን ሩዝ ነቅለው በአንድ ማሳ ላይ አጭቀው ተከሉት። ከዚያ እንግዳ ጠርተው አሳዩት። ማን ለካው? ሊመሰገን የፈለገው ሹም ራሱ ለካው።

እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ከወረዳ ወደ ክፍለ አገር፣ ከክፍለ አገር ወደ ዋናው ከተማ እየተደመሩ ወጡ። በዓመቱ መጨረሻ የአገሪቱ ምርት 375 ሚሊዮን ቶን ነው ተባለ። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። በ1959 ቁጥሩ ወደ 250 ሚሊዮን ቶን ዝቅ ተደረገ። ኋላ በትክክል ሲጣራ 200 ሚሊዮን ቶን ሆነ።

ያን ጊዜ የቻይና ሕዝብ ወደ 660 ሚሊዮን ነበር። በሐሰተኛው ቁጥር ለአንድ ሰው ከ5 ኩንታል ተኩል በላይ ይደርሰዋል። በእውነተኛው የሚደርሰው ግን 3 ኩንታል ብቻ ነው። ዘሩም የከብት መኖውም የሚወጣው ከዚያው ነው።

የወረቀት እህል ከጎተራ ይወጣል

«ሹሙ ቢዋሽ እኛን ምን ነካን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ በአንድ መንደር እናስላው።

አንድ መንደር 50 ኩንታል አገባ። ሹሙ ግን 100 ነው ብሎ ጻፈ። መንግሥት ለከተማ ቀለብ ከመቶ 30 ይሰብሰብ ብሏል። እውነቱ ተጽፎ ቢሆን 15 ኩንታል ይሄድና 35 ይቀራል። ለዘር 5 ሲነሳ 30 ኩንታል ለቀለብ ይሆናል። በሐሰተኛው ቁጥር ግን መንደሩ 30 ኩንታል ይጠየቃል። ያ 30 ኩንታል ከወረቀቱ አይዛቅም፤ ከጎተራው ነው የሚዛቀው። 20 ኩንታል ይቀራል። ለዘር 5 ሲነሳ 15 ኩንታል ብቻ ለቀለብ ይተርፋል። አንዲት የሐሰት ቁጥር የመንደሩን ቀለብ በግማሽ ቆረጠችው ማለት ነው።

በቻይና የደረሰው ይኸው ነው። እህል ሞልቷል ስለተባለ በ1959 እህል የሚዘራበት መሬት ከመቶ 9 ያህል ተቀነሰ። ጉልበት ያለው ሰው ብረት ለማቅለጥ ተወስዶ ስለነበር ሰብል ማሳ ላይ ቀርቶ ነበር። በ1959 ምርቱ ወደ 170 ሚሊዮን ቶን ወረደ። መንግሥት ግን ከተመረተው ከመቶ 40 ያህሉን ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ለውጭ አገር ተሸጠ። በ1960 ምርቱ ከ144 ሚሊዮን ቶን አነሰ።

እውነቱን የተናገረ ሰው አልጠፋም። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ዴኋይ የድሃ ገበሬ ልጅ ነበሩ። የትውልድ አገራቸውን ጎብኝተው የሚባለውና የሚታየው እንደማይገናኝ አዩ። በሐምሌ 1959 ለማኦ ዜዱንግ ደብዳቤ ጻፉ። ከሥልጣናቸው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ለመናገር የደፈረ ጥቂት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሆድ ግን እስኪያድር አይጠብቅም። ከ1959 እስከ 1961 በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ግምቱ ይህን ያህል የተራራቀው ሙታኑም በትክክል ስላልተቆጠሩ ነው። እህል ያመረተው ገበሬ ራሱ ከሁሉ በፊት ተራበ።

ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ቁጥር በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ማስበለጥ ነው። ሹም ለመመስገን ያስበልጣል። ሁለተኛው መደበቅ ነው። ገበሬ ግብር ፈርቶ መሬቱን ያሳንሳል፤ በሬውን ጎረቤት ዘንድ ያሳድራል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዱሮ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሁሉ ሊወስድ የመጣ ነበርና። ነገር ግን የስታቲስቲክስ ሕግ የያንዳንዱን ሰው መልስ በምስጢር እንዲጠበቅ ያዛል። የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ መታወቂያውን አሳየን በሉት። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣና ለምን እንደሚጠይቅ ይንገራችሁ። ከዚያ እውነቱን ተናገሩ። 10 ሰው ያለበት ቤት 6 ነን ካለ፣ በክፉ ዘመን የሚላከው ቀለብም ለ6 ሰው ይታሰባል።

በስብሰባም ላይ «የቀበሌያችን ምርት ይህን ያህል ሆነ» የሚል ሪፖርት ሲነበብ ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ። ተነሡና ጠይቁ። ስንት ሄክታር ነው? በሄክታር ስንት ኩንታል ይደርሳል? ማን መዘነው? አካፍላችሁ የምታገኙት ቁጥር ማሳችሁ ከሚሰጠው ጋር ካልተገናኘ፣ እዚያው ተናገሩ።

መልመጃ

1. ከ16 ካሬ ሜትር ላይ 3 ኪሎ ጤፍ ቢገኝ በሄክታር ስንት ኩንታል ይሆናል?
2. አንድ መንደር 60 ሰውና 120 ኩንታል እህል ነበረው። ከ20 ዓመት በኋላ 100 ሰውና 150 ኩንታል ሆነ። የአንድ ሰው ድርሻ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?
3. ምርቱ 40 ኩንታል ነው፤ ሪፖርቱ 80 ይላል። ከመቶ 25 ቢሰበሰብ ለመንደሩ ስንት ይቀራል? እውነቱ ቢጻፍስ ስንት ይቀር ነበር?

መልስ፦ 1. 18 ኩንታል ከ75 ኪሎ። 2. ከ2 ኩንታል ወደ 1 ኩንታል ተኩል ቀነሰ። 3. 20 ኩንታል ይቀራል፤ እውነቱ ቢጻፍ 30 ኩንታል ይቀር ነበር።

ሒሳቡን ከሠራችሁ በኋላ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ፊደል የቆጠረ ገበሬ ቁጥርንም ይመርምር!