የባሕር ዳርቻ ቆሻሻ ሲቆጠር

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ ስለ ባሕር ዳርቻ ጽዳት ዜና እንድንሠራ መነሻ መረጃ ተሰጥቶን ነበር። እኔም እንደ ብዙዎቻችን መሪ አንቀጹን በክብደት ጀመርኩት፤ ይህን ያህል በጎ ፈቃደኞች ይህን ያህል ቶን ቆሻሻ አነሡ አልኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ዳር ላይ በቀይ እስክሪፕቶ የተጻፈችው ጥያቄ አንዲት ብቻ ነበረች፦ «የምን ቆሻሻ?» መልሱ ከተሰጠኝ መረጃ ውስጥ ነበረ፤ እኔ ነኝ የዘለልኩት። ይህ ጽሑፍ ያቺን ጥያቄ ተከትዬ ያነበብኩት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ቴክሳስ ነው። ዛሬ ኦሽን ኮንሰርቫንሲ በሚባለው ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ሊንዳ ማራኒስና ካቲ ኦሃራ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻ የሞላውን ቆሻሻ አይተው ሕዝቡን ለጽዳት ጠሩ። 2,800 ሰው ወጣ፤ 124 ቶን ቆሻሻ ተነሣ። እስከዚህ ድረስ እኛም በየሰፈራችን የምናውቀው የጽዳት ዘመቻ ነው። ልዩነቱ ለበጎ ፈቃደኛው ከጓንትና ከከረጢት ሌላ ካርድ መሰጠቱ ነው። ጠርሙስ ስንት፣ ክዳን ስንት፣ ገመድ ስንት፣ የሲጋራ ቁራጭ ስንት እያለ ያነሣውን በየዓይነቱ እንዲመዘግብ ተጠየቀ። ሥራው ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ በየዓመቱ መስከረም (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር) ላይ ይካሄዳል፤ ቆጠራውም አልቀረም።

ለምን ይቆጠራል? መቼም ጎንበስ ብሎ የሲጋራ ቁራጭ ለሚለቅም ሰው እንደገና ጻፍ ማለት ማድከም ይመስላል። ግን ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚናገረው ዓይነቱ ነው። የአሳ መረብና ወፍራም ገመድ ከመርከብና ከአሳ አጥማጅ ጀልባ ነው። የብስኩት መጠቅለያና ስትሮ ባብዛኛው ለመዝናናት ከመጣው ሰው፣ ወይም ከከተማ በጎርፍና በወንዝ ተገፍቶ የመጣ ነው። ኪሎ ይህን ሁሉ ይደብቃል። አንድ ውኃ የጠጣ መረብ ከአንድ ከረጢት ሙሉ የሲጋራ ቁራጭ ይከብዳል፤ በኪሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ዘንድ ሲጋራው የለም ማለት ነው። የሲጋራው ማጣሪያ ደግሞ ጥጥ ይምሰል እንጂ ፕላስቲክ ነው። በቆጠራው ለረጅም ዓመታት አንደኛ የነበረውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰበሰበው ቆጠራ ግን የምግብ መጠቅለያ ከ4.7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አለፈው፤ የሲጋራው ቁራጭ 4.2 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ከሁሉ ያስገረመኝ የጆሮ ኩክ ማውጫ ነው። ጥጡ የሚጠቀለልበት ያ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አውሮፓ ውስጥ በየባሕር ዳርቻው ይገኛል። ባሕር ዳር ሄዶ ጆሮውን የሚጠርግ ሰው ስላለ እንዳይመስላችሁ። ሰዎች ቤታቸው መጸዳጃ ውስጥ ይጥሉታል፤ ቀጭን ስለሆነ የፍሳሽ ማጣሪያውን ወንፊት ሾልኮ ባሕር ይገባል። እንግዲህ በጎ ፈቃደኛው ዕድሜ ልኩን ቢለቅም ይኼ ዘንግ አያልቅም፤ የሚቆመው ወይ መጸዳጃ ቤቱ ላይ ወይ ፋብሪካው ላይ ነው። ይህን ማወቅ የተቻለው ደግሞ ለይቶ የቆጠረ ስላለ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጊዜ ተጠቅመው በሚጥሏቸው ፕላስቲኮች ላይ መመሪያ ሲያወጣ የትኞቹ ላይ እንደሚያተኩር የመረጠው ከባሕር ዳርቻ ቆጠራ ተነሥቶ ነው። በብዛት የተገኙት አሥር ዓይነት ዕቃዎች ከአሳ ማጥመጃ ዕቃ ጋር ተደምረው ከባሕር ቆሻሻው 70 በመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፕላስቲክ ሳሕን፣ ማንኪያና ሹካ፣ ስትሮ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ዘንግ ገበያ ላይ እንዳይቀርብ ተከለከለ። የቴክሳሱን ግን እንዲህ አድርጎ ማጋነን አይቻልም። መርከቦች ፕላስቲክ ባሕር ላይ እንዳይጥሉ የሚከለክለው ማርፖል የተባለው ስምምነት አምስተኛ አባሪ በሥራ ላይ የዋለው በ1988 መጨረሻ ቢሆንም የተረቀቀው በ1973 ነው፤ «ካርዱ ሕጉን ወለደው» ብሎ የሚጽፍ ይሳሳታል።

ቁጥሩም ቢሆን እንዳለ አይዋጥም። የዘንድሮው ከአምናው በዝቶ ቢገኝ ባሕሩ ስለቆሸሸ ነው ወይስ ብዙ ሰው ስለወጣ? በጎ ፈቃደኛ የሚሄደው መኪና ወደሚደርስበት ዳርቻ ነው፤ ገደል ሥር ያለውን ማን ይቆጥረዋል? በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ያሉ አገሮች በኦስፓር ስምምነታቸው ሥር የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ ያንኑ የተለካ 100 ሜትር በዓመት አራት ጊዜ እየተመላለሱ ነው። አሰልቺ ነው፣ ለፎቶም አይመችም፤ ለማነጻጸር ግን እሱ ይሻላል።

ማንሣቱን እያናናቅሁ አይደለም። ሙምባይ ውስጥ ቨርሶቫ የሚባለውን ዳርቻ ጠበቃው አፍሮዝ ሻህ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ማጽዳት ሲጀምር አብሮት የነበረው የ84 ዓመት ጎረቤቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰው በየቅዳሜና እሑዱ እየተጨመረ ሄደ፤ በ2016 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሸለመው፤ በመጋቢት 2018 ደግሞ ከእንቁላል የወጡ ትናንሽ የባሕር ኤሊዎች አሸዋው ላይ ታዩ። ዜናው ዓለምን የዞረው በኤሊዎቹ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዕበሉ አዲስ ፕላስቲክ እየተፋ በጎ ፈቃደኞቹን እንደገና እንደሚያስጎነብስ የሚያነሣው ዘገባ ግን ጥቂት ነው። እንደኔ ዋናው ዜና እሱ ነው፤ ምክንያቱም አምራቹም ጣዩም ሳይነኩ ነጻ ጉልበት ብቻ ሲያጸዳ ይኖራል።

እኛ ባሕር የለንም። አዋሽም ቢሆን የተሸከመውን ሁሉ ይዞ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። የጽዳት ዘመቻ ዜና ግን እንጽፋለን፣ የምንጽፈውም እንግዶቹ እነማን እንደነበሩና ስንት ሰው እንደወጣ ነው። ሐይቅ ዳር ወይም ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ ዘመቻ ለመዘገብ የሚላክ የዲፓርትመንታችን ልጅ ንግግሩ እስኪያልቅ አንድ ማዳበሪያ አስከፍቶ ሃይላንዱን፣ ፌስታሉን፣ የብስኩት ወረቀቱን ለየብቻ ቢቆጥር፣ የማን ምርት እንደሆነም ቢያይ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

የኔን ዜና እንደገና ጻፍኩት። መሪ አንቀጹ አሁን በመጠቅለያና በክዳን ቁጥር ይጀምራል። ወረቀቱ ዳግመኛ ሲመለስልኝ በቀይ የተጻፈው «ማን ቆጠረው? በስንት ሜትር ላይ?» ይላል።