የመጠባበቂያ ቅጂ ስያሜ፦ ቀንና ሰዓት በባች ስክሪፕት ውስጥ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኙ የፋብሪካና የመጋዘን ጽሕፈት ቤቶች ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በቃሊቲ ጉምሩክ በኩል የሚያልፈው ኢንቮይስ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን ሲይዝ፣ የደመወዝና የግብር መዝገቡ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በሚዘልቀው የበጀት ዓመት ይመራል። የመረጃ ቋቱን በየሌሊቱ የሚገለብጠው ስክሪፕት ግን ለፋይሉ አንድ ስም ብቻ ይሰጣል።

ስክሪፕት የፋይል ስሞችን የሚደረድረው እንደ ጽሑፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፣ ጎዶሎው በዜሮ እየተሞላ ከተጻፉ የስሙና የጊዜው ተራ ይገጥማሉ፤ አይኤስኦ 8601 የሚከተለውም ይህንኑ ነው። አደጋው ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ማኅደር ሲቀላቀሉ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ላይ ይውላል። በእጅ «20180101» ተብሎ የተሰየመ ቅጂ፣ «20250910» ከተባለው የዋዜማው ቅጂ በፊት ይደረደራል። የመጨረሻዎቹን 30 ቅጂዎች በስም ለይቶ ሌላውን የሚሰርዝ ስክሪፕት ካለ፣ አስቀድሞ የሚጠፋው የዕለቱ ፋይል ነው። (ጳጉሜን «13» ተብሎ ቢጻፍ ድርደራውን አያውክም፤ ቀኑን መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም ግን 13ኛ ወር አይቀበልም።)

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። በዊንዶውስ ባች «ታይም» የተባለው ተለዋዋጭ ከ10:00 በፊት ያለውን ሰዓት በዜሮ ፋንታ በባዶ ቦታ ይጀምረዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የተፈተነ ስክሪፕት እንከን አይታይበትም። ሌሊት 8 ሰዓት፣ ማለትም 02:00 ሲነሣ ግን ስሙ ለሁለት ይከፈላል፤ በጥቅስ ምልክት ካልታጠረም ትእዛዙ ይከሽፋል፤ ያውም ማንም በሌለበት ሰዓት። «ዴት» ደግሞ እንደ ኮምፒውተሩ የአገር ቅንብር ስለሚለዋወጥ በፋይል ስም የተከለከለውን እዝባር ሊያስገባ ይችላል። ቀንና ሰዓቱን ከፓወርሼል በተወሰነ ቅርጽ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብሎ፣ ያንኑ ለቅጂውም ለክንውን መዝገቡም መጠቀም ሁለቱንም ችግሮች ያስወግዳል።

ስክሪፕቱ የማይፈታው አንድ ጉዳይ ይቀራል። ሌሊት 8 ሰዓት የተወሰደው ቅጂ የማክሰኞን ቀን ቢይዝም ውስጡ ያለው የሰኞ ሥራ ነው፤ አማርኛ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ የሚለየውን ኮምፒውተሩ አይለይም። የሰኞን ሂሳብ ፍለጋ የሰኞን ስም የያዘውን ቅጂ የሚመልስ ሠራተኛ እስከ እሑድ ያለውን ብቻ ያገኛል። በመሆኑም የፋይሉ ስም በጎርጎርዮሳዊው ቀን ጸንቶ፣ በክንውን መዝገቡ ላይ ቅጂው የሚሸፍነው የመጨረሻ የሥራ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሰፍር ይገባል።