የስክሪን መጽሐፍ፦ ከፊደል ወደ ቁጥር፣ ከቁጥር ወደ ብርሃን

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ፣ ስለ ሞገድ በአማርኛ ያዘጋጀው አርባ ገጽ ያህል ማስታወሻ ነበረው። ማስታወሻው በኮምፒዩተር ተጽፎ አንድ ቅጂ በወረቀት ታተመ፤ ፋይሉ ደግሞ በሲዲ ተቀመጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ለተማሪዎች በኢንተርኔት ለማሠራጨት ታስቦ ፋይሉ ሲከፈት ግን በስክሪኑ ላይ የወጣው አማርኛ አልነበረም፤ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነበር። ሲዲው አልተበላሸም፤ ከፋይሉም አንድ ባይት እንኳ አልጎደለም። የወረቀቱ ቅጂ ደግሞ ጠርዙ ከመወየቡ በቀር እንደ ድሮው ይነበባል። እንግዲህ የጠፋው ምንድን ነው?

ዛሬ ብዙ ደራስያን መጽሐፋቸውን በቀጥታ በኢንተርኔት ያወጣሉ፤ አንባቢም በስልኩ ስክሪን ላይ ያነባል። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ሰው ማስታወሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወረቀት መጽሐፍ ላይ ፊደሉና ቀለሙ አንድ ናቸው። በስክሪን መጽሐፍ ግን ይለያያሉ፤ ይኸውም ፊደሉ በቅድሚያ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል፣ ቀጥሎም ቁጥሩ ብርሃን ሆኖ ወደ ዓይን ይደርሳል። ከዚህ በታች ከአጭር የታሪክ ቅኝት በኋላ ሁለቱን እርምጃዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጭር የታሪክ ቅኝት

በ1971 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክል ሃርት የአገሩን የነፃነት መግለጫ በኮምፒዩተር ጽፎ ለኔትወርኩ ተጠቃሚዎች አቀረበ። የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነፃ የሚያቀርበው የፕሮጀክት ጉተንበርግ ጅማሬ ይኸው ነበር።

ሕያው ደራሲ የራሱን አዲስ ሥራ በዚህ መንገድ ማውጣት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሰፊው የተፈተነው በ2000 ነው። በዚያ ዓመት ዝነኛው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ «ራይዲንግ ዘ ቡሌት» የተባለውን ድርሰቱን በኤሌክትሮኒክስ መልክ ብቻ አወጣ፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከ400,000 በላይ ቅጂዎች መሠራጨታቸው ተዘገበ። ወዲያው «ዘ ፕላንት» የተባለ ሌላ ሥራ ያለ አሳታሚ፣ ከራሱ ድረ ገጽ፣ በክፍል በክፍል ማቅረብ ጀመረ። ከወሳጆቹ 75 በመቶው እስከከፈሉ ድረስ እንደሚቀጥልም አስታወቀ። ይሁን እንጂ ስድስተኛው ክፍል ከወጣ በኋላ ሥራው ተቋረጠ፤ ሳይጠናቀቅም ቀረ።

የተሻለ ፍጻሜ ያገኘው አንዲ ዊር ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ የነበረው ዊር ከ2009 ጀምሮ «ዘ ማርሺያን» የተባለውን ልብ ወለድ ምዕራፍ በምዕራፍ በድረ ገጹ በነፃ አወጣ። ከአንባቢዎቹ መካከል የሳይንስ ሰዎች ስለነበሩ ስሕተት ሲያዩ ይጠቁሙት፣ እርሱም ያርም ነበር። ቆይቶም በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ለኤሌክትሮኒክስ ማንበቢያ አቀረበው። መጽሐፉ በ2014 በታወቀ አሳታሚ ታተመ፤ በ2015 ደግሞ ፊልም ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ጽሑፉ እንዲህ በየጊዜው ሊታረም የቻለው እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ሊለወጥ በሚችል መልክ በመቀመጡ ነው። ይህ መልክ ምን እንደሆነ ቀጥለን እንይ።

ፊደል ቁጥር ሲሆን

ኮምፒዩተር «ሀ»ን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል፤ በአንድ ባይት ሊጻፉ የሚችሉት የተለያዩ ቁጥሮችም 2 በ8 ርቢ፣ ማለትም 256 ናቸው። ለእንግሊዝኛ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ሆሄያት አሉት። ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ፣ የላቲኑም ፊደል ቦታው ሲጠበቅለት፣ 256ቱ አይበቃም። በመሆኑም ቀደም ሲል የአማርኛ ፎንት የሠራ ሁሉ የላቲኑን ቦታ እየወሰደ የራሱን ሠንጠረዥ አወጣ። በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ 97 የላቲን ትንሹ «ኤ» ሲሆን፣ በአንዱ ፎንት አንድ የአማርኛ ፊደል፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ የሚይዘው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ፍቺው ያለው በፎንቱ ውስጥ ነው። ከማስታወሻው የጠፋውም ይኸው ነው፦ ቁጥሮቹ አሉ፤ መፍቻው የለም።

መፍትሔው በ1999 መጣ። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል አካተተ። በዚህ ሠንጠረዥ የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ለ» 4616፣ የ«መ» 4632 ነው። የፊደል ቤቶቹ ስምንት ስምንት ቦታ ይዘው የተደረደሩ ናቸው፤ «ለ» 4616 ከሆነ «ሉ» 4617፣ ሳብዑ «ሎ» 4622፣ ዲቃላው «ሏ» 4623 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም፣ በስልክም በኮምፒዩተርም አንድ ናቸው። ፎንት ቢለወጥ የሚለወጠው የፊደሉ መልክ እንጂ ማንነቱ አይደለም።

ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ግን ዛሬም በኢንተርኔት የሚዘዋወሩት በፊደል ሳይሆን በገጽ ፎቶግራፍ መልክ ነው፤ ብዙ ጊዜም የደራሲው ፈቃድ ሳይጠየቅ። ልዩነቱን እናስላ። 200 ገጽ ያለው፣ በገጽ 1,500 ፊደላት የያዘ መጽሐፍ 300,000 ፊደላት ይኖሩታል። በኢንተርኔት በስፋት በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ መጽሐፉ 900,000 ባይት፣ ማለትም ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። ያው መጽሐፍ ፎቶግራፍ ቢሆንስ? 14 በ21 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ በአንድ ሴንቲ ሜትር 118 ነጥቦች ቢነሣ 4.1 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይኖሩታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 1 ባይት ብንመድብ 200 ገጽ 820 ሜጋባይት ይወጣዋል፤ ከዘጠኝ መቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምስልን የሚያሳንሱ ዘዴዎች ይህን በብዙ እጅ ቢቀንሱትም ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። በሜጋባይት ሒሳብ ለሚከፍል ተማሪ ደግሞ ይህ የኪስ ጉዳይ ነው። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተሩ በፎቶግራፉ ውስጥ የሚያየው ነጥብ እንጂ ፊደል ስላልሆነ፣ አንድን ቃል ፈልግ ቢሉት አያገኝም።

ፊደል ሆኖ ቢጻፍ እንኳ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። «ፀ» 4928፣ «ጸ» ደግሞ 4920 ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እንደ «ለ»ና «መ» የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል 2፣ ለሁለተኛው «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» 6 አማራጮች ስላሉ፣ በጠቅላላው 12 አጻጻፍ ይኖረዋል። ደራሲው በአንዱ ጽፎ አንባቢው በሌላው ቢፈልግ ተራ ፍለጋ «የለም» ብሎ ይመልስለታል። ስለዚህ አንድን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሆሄ መጻፍ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ እንዲገኝ የማድረግ ጉዳይም ነው።

ቁጥር ብርሃን ሲሆን

ፈሳሽ ክሪስታል በሚባለው የስክሪን ዓይነት ከጀርባ ዘወትር የሚበራ መብራት አለ። ብርሃኑ በመጀመሪያ በፖላራይዘር ውስጥ ሲያልፍ ግማሹ ይቀራል፤ ቀጥሎም በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች በኩል ሲያልፍ ከቀሪው ሲሶው ያህል ብቻ ይወጣል። ½ ጊዜ ⅓፣ ማለትም ⅙ መሆኑ ነው። ስለሆነም በዚህ ግምታዊ ስሌት ከስድስት እጅ አምስቱ ዓይን ጋር ሳይደርስ ይባክናል። በብዙ ዘመናዊ ስልኮች ላይ ያለው ኦሌድ የተባለው ስክሪን ደግሞ የጀርባ መብራት የለውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል።

ሁለቱም ዓይነቶች አንድ ችግር ይጋራሉ፤ ፀሐይ ላይ ይደበዝዛሉ። ምክንያቱን በቀላል ቀመር ማየት ይቻላል። ከነጩ ክፍል የሚወጣውን ብርሃን «ነ»፣ ከጥቁሩ የሚያመልጠውን «ጥ»፣ ከውጭ መጥቶ ከስክሪኑ የሚንጸባረቀውን «ው» ብንላቸው፣ ዓይን የሚያየው የነጩና የጥቁሩ ውድር

(ነ + ው) ÷ (ጥ + ው)

ይሆናል። ነ = 300፣ ጥ = 1 ይሁኑ። በጨለማ ክፍል ው = 0 ስለሆነ ውድሩ 300 ነው። ደጅ ወጥተን ው = 300 ቢሆን ግን 600 ÷ 301፣ ማለትም ወደ 2 ይወርዳል። ወረቀት እንዲህ አይደለም። ነጩ ወረቀት ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውን፣ ቀለሙ 5 በመቶውን ያንጸባርቃል ብንል፣ ብርሃኑ ቢበዛም ቢያንስም ውድሩ 16 እንደሆነ ይኖራል።

የኤሌክትሮኒክስ ቀለም የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያፈለቁትን ሐሳብ ይዞ በ1997 አንድ ኩባንያ ተቋቋመ። በዚህ ዓይነቱ ስክሪን ውስጥ የፀጉር ውፍረት ያህል የሆኑ፣ በፈሳሽ የተሞሉ እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ ቻርጃቸውም ተቃራኒ ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ሲደረግባቸው አንዱ ዓይነት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል። መስኩ ሲነሣም ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ ገጹን ለማሳየት ኃይል የሚያስፈልገው ገጹ ሲገለጥ ብቻ ነው። ንባቡም በሚንጸባረቅ ብርሃን ስለሆነ እንደ ወረቀት ፀሐይ ላይ ይነበባል። ጉድለቱ ቅንጣቶቹ በፈሳሽ ውስጥ ለመጓዝ ጊዜ የሚወስዱ መሆናቸው ነው፤ ለፊልም አይመችም። በዚህ ዘዴ የተሠራው የሶኒ ማንበቢያ በ2004 በጃፓን፣ የአማዞን ኪንድል ደግሞ በ2007 በአሜሪካ ለገበያ ቀረቡ።

ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው የምንረዳው፣ ብርሃኑ የዛሬው አንባቢ ምቾት፣ ቁጥሩ ደግሞ የመጽሐፉ ዕድሜ መሆኑን ነው። ስክሪኖች ይለዋወጣሉ፤ በትክክለኛ ቁጥር የተጻፈ መጽሐፍ ግን ገና ባልተሠራ ስክሪን ላይም ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ በኢንተርኔት ለማውጣት የምትጽፉ ወጣቶች በዩኒኮድ ጻፉ፤ ጽሑፉን ፎቶግራፍ አድርጋችሁ ብቻ አታውጡ፤ ሆሄያትን አታቀያይሩ።

ወረቀትንም አትናቁ። በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ የትምህርት ዓይነት ጽሑፍን በተለይ በጊዜ ገደብ የሚያነቡ ሰዎች ከስክሪን ይልቅ ከወረቀት ሲያነቡ በመጠኑ የተሻለ እንደሚረዱ አመልክቷል፤ በልብ ወለድ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ያ የሞገድ ማስታወሻም የዳነው በወረቀቱ ቅጂ ነው፤ ከእርሱ እየታየ፣ አርባውም ገጽ እንደገና በዩኒኮድ ተጻፈ።

መልመጃ

1. 120 ገጽ ያለው፣ በገጽ 1,500 የግዕዝ ፊደላት የያዘ መጽሐፍ በዩቲኤፍ-8 ስንት ባይት ይሆናል? በሰከንድ 100,000 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለማውረድ ስንት ሰከንድ ይወስዳል?

2. የ«በ» ቁጥር 4704 ነው። የ«ቦ» ስንት ነው?

3. ነ = 400፣ ጥ = 1፣ ው = 100 ቢሆኑ የነጩና የጥቁሩ ውድር ስንት ነው?

መልስ፦ 1) 540,000 ባይት፤ 43 ሰከንድ ያህል። 2) 4710። 3) 5 ያህል።