የሴት ልጅ ችሎታ በአንድ ቀን ውድድር አይለካም

ሴቶች ልጆች በትምህርት ቤት ሜዳ ሲሮጡ ወይም ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ ቶሎ ይፈርዳል። «ያቺ ረጅሟ ትሆናለች፤ ይህቺ ቀጭኗ ግን የትም አትደርስም» ይላል። አንዳንድ አሠልጣኝም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን ውድድር የቀደሙትን ይይዛል፤ የቀሩትን ወደ ቤታቸው ይሰዳል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? እስቲ ከዚሁ ከአርሲ ምሳሌ እንውሰድ።

ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት። በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ ያለች ደጋ ከተማ ናት። በ1981 ዓ.ም. ደራርቱ ኖርዌይ ውስጥ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር 23ኛ ወጣች። በ1982 ዓ.ም. 15ኛ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. 2ኛ ወጣች። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች መካከል የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

እንግዲህ አስቡት። በ23ኛነቷ ብቻ ፈርደው ቢያስቀሯት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? 23፣ 15፣ 2፣ 1። አንዱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። አራቱ ተሰልፈው ሲታዩ ግን ልጅቷ ወዴት እየሄደች እንደነበረ ይነግሩናል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ የሴት ልጅን ችሎታ ለመገመት ምን ምን እንይ?

1ኛ. ዕድሜዋንና እድገቷን

ሴቶች ልጆች ባብዛኛው በ12 ዓመት ገደማ ቶሎ ቶሎ ይረዝማሉ። ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። አንዷ ቀድማ ትመዘዛለች፤ ሌላዋ ቆይታ ታድጋለች። ደግሞም በመስከረም የተወለደችና በነሐሴ የተወለደች የአንድ ዓመት ልጆች ይባሉ እንጂ፣ በመካከላቸው አንድ ዓመት ያህል ልዩነት አለ። በልጅነት አንድ ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጓደኞቿን የምትበልጠው ልጅ የበለጠችው በችሎታ ነው ወይስ ቀድማ ስላደገች? ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቅርጫት ኳስ ቅርጫቱ የሚሰቀለው ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ ስለሆነ ቁመት ይጠቅማል። ቁመት ግን ብቻውን ኳስ አያቀብልም። ልጅቷ ኳስ ከማቀበሏ በፊት ቀና ብላ ታያለች? በግራ እጇም ትሞክራለች? ኳስ ስትነጠቅ ተመልሳ ትከላከላለች? ዛሬ የተነገራትን ነገ አርማ ትመጣለች? አጭር ብትሆንም እንኳ እነዚህ ካሏት ተስፋ አላት።

2ኛ. መሻሻሏን

ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ርቀት አሩጦ ውጤቱን መጻፍ ነው። ለምሳሌ ሁለት ልጆች 800 ሜትር ይሮጣሉ እንበል። ጫልቱ በመስከረም 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገባች፤ በሰኔ 2 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ። አስቴር በመስከረም 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገባች፤ በሰኔ 2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ዛሬም የምትቀድመው ጫልቱ ናት። ነገስ? በተለይ ጫልቱ ሦስት ዓመት የሠለጠነች፣ አስቴር ግን ዘንድሮ የጀመረች ከሆነ መልሱ ይለወጣል።

3ኛ. የቤት ሸክሟን

ወንድሟ ከትምህርት ቤት መልስ በቀጥታ ሜዳ ሲወርድ፣ እሷ ጀሪካን አዝላ ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች። ከዚያ በኋላ ሜዳ ደርሳ ብትደክም «ሰነፍ ናት» ይሏታል። ሰነፍ አይደለችም፤ ሥራዋን ጨርሳ የመጣች ናት እንጂ!

ሌላም ምክንያት ይኖራል። የወር አበባ ማየት ስትጀምር ከደም ጋር ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ይቀንስባታል። ብረት ሲያንስ ድካም፣ ማዞርና ትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ምስርና ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ መመገብ ይረዳታል። ከምግብ ጋር ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ስለሚያደርግ፣ ቆየት ብሎ መጠጣት ይሻላል። ድካሙ ካልለቀቃት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር።

4ኛ. የሚከታተላት ሰው መኖሩን

ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5000 እና በ10000 ሜትር ድርብ ወርቅ ወሰደች። ሁለቱም የአርሲ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው «የደጋው አየር ነው» ይላል። እውነት ነው፤ አየሩ ቀጭን በሆነበት ከፍታ ያደገ ሰው ደሙ ኦክስጅን በብዛት ለመሸከም ይለመዳል። ግን ደጋ ብዙ ቦታ አለ። ሮቤም ደጋ ናት፤ ገብሱም፣ አየሩም፣ ሴቶች ልጆችም አሏት። በቆጂ ግን የስፖርት አስተማሪ የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩላት። ደራርቱንና ጥሩነሽን ጨምሮ ብዙ ልጆችን ገና በጠዋቱ ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። አየር ልጅን አይከታተልም፤ የሚከታተለው ሰው ነው።

ወላጆች ሆይ! ሁሉም ልጅ ደራርቱ አትሆንም። ስለዚህ ለስፖርት ተብሎ ትምህርቷን አታስተዋት። ለቤት ሥራ ተብሎም ሜዳውን አትከልክሏት፤ ሸክሙን ለወንድሟም አካፍሉ። ከ18 ዓመት በታች መዳር በሕግ የተከለከለ ነው። ልጅቷ ያለ ዕድሜዋ ከተዳረች ያ የመሻሻል ደብተር በመካከሉ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ምን ልትሆን ትችል እንደነበር ማንም አያውቅም።

ጥያቄዎች

ሀ. ደራርቱ ከ1981 እስከ 1983 ዓ.ም. በአገር አቋራጭ ስንት ደረጃ አሻሻለች?
ለ. ጫልቱ በስንት ሰከንድ አሻሻለች? አስቴርስ?
ሐ. በቤታችሁ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ተወያዩበት።