ቅቤና አይብ በአዲሱ ማዕዳችን
ስለ ሣር በል ላሞች ወተት ጥቅምና ስለ አጠቃቀሙ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት



በረሖቮት ከተማ፣ በቂርያት ሞሼ ሠፈር ከምንጎበኛቸው ቤቶች በአንዱ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «አባቴ እስከ እርጅናው ድረስ ቅቤ እየበላ የስኳር በሽታ የሚባል ነገር አላወቀም። እኔ ግን እዚህ አገር ከገባሁ ጥቂት ዓመት ሳይሞላኝ ስኳር አለብሽ ተባልሁ። ታዲያ ቅቤው መድኃኒት ነበር ወይስ በሽታ?» ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ ነው። በመሆኑም ይህ ትምህርት ስለ ቅቤና ስለ አይብ እውነተኛ ጥቅም፣ እንዲሁም በአዲሱ አገር ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ያብራራል።

1. ሣር ለወተት የሚሰጠው ጸጋ

በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ ሲሸፈን የላሟ ቅቤ ቢጫ ይሆናል። በበጋ፣ ላሟ ጭድና ደረቅ ገለባ ስትበላ ግን ቅቤው ነጣ ይላል። የቀለሙ ምክንያት ካሮቲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ካሮቲን በለመለመ ሣር ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ከሣሩ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱም ወደ ቅቤው ይተላለፋል። ሰውነታችንም ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ለዓይን ብርሃን፣ ለቆዳና በሽታን ለመከላከል ያስፈልጋል።

በለመለመ ሣር ላይ የተሰማራች ላም ወተት ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ቅባትና ቫይታሚን ኢ በበረት ውስጥ እህል ከምትቀለብ ላም ወተት ይልቅ በእርሱ ይበዛሉ። ስለዚህ አባቶቻችን የክረምት መውጫን ቅቤ ከሌላው አስበልጠው መውደዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረው እርድም ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ የነጠረ ቅቤ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ከሣር በል ላም የተገኘ ነው ማለት አይቻልም።

2. የአገር ቤት ቅቤ ስለ ምን አልጎዳንም?

በአገር ቤት አንዲት ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር አይበልጥም ነበር። ከዚያም ጥጃው ድርሻውን ይወስዳል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማግኘት ደግሞ ሃያ ሊትር ያህል ወተት መናጥ ያስፈልጋል። እናት ወተቱን ለቀናት አጠራቅማ በቅል ስትንጥ ያገኘችው ጥቂት ቅቤ ለበዓል፣ ለእንግዳና ለአራስ ይቀመጥ ነበር፤ የቀረውም ለፀጉር ይውል ወይም በገበያ ይሸጥ ነበር። በአብዛኛው ቀን የሚበላው እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ነበር።

ከዚህም ሌላ የዚያን ጊዜ ሰው ውኃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም፣ ለማረስና ገበያ ለመሄድ በየቀኑ ረጅም መንገድ ይጓዝ ነበር። የበላውን በሥራ ያቃጥለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ ከገቡት ወገኖች በኋላ በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች፣ በአገር ቤት እምብዛም የማይታወቀው የስኳር በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በማኅበረሰባችን መካከል መጨመሩን አሳይተዋል። ምክንያቱ ቅቤ ብቻ አይደለም። ነጭ ዱቄት፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ጣፋጭ መጠጥና ጭማቂ፣ በየቀኑ የሚበላ ቅባት፣ እንዲሁም የእግር ጉዞ መቀነስ በአንድነት ያመጡት ለውጥ ነው።

3. በእስራኤል ወተት ከወዴት ይመጣል?

በእስራኤል ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ወራት ብቻ ስለሆነ የለመለመ መስክ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ስለዚህ የወተት ላሞች ሬፌት በሚባል በረት ውስጥ ሆነው የተከማቸ መኖ፣ ድርቆሽ፣ እህልና የአኩሪ አተር ተረፈ ምርት ተደባልቆ ይቀርብላቸዋል። አንዲት የእስራኤል ላም በዓመት በአማካይ ከ11,000 ሊትር በላይ ወተት ትሰጣለች። ወተቱ በጤና ቁጥጥር ሥር ያለፈና ፕሮቲንና ካልሲየም ያለው ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን ከመስክ ላም እንደሚገኘው ዓይነት ካሮቲንና ኦሜጋ 3 በብዛት የለውም።

በአንዳንድ ሱቆች ሣር ከሚበዛባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ ከአየርላንድ የመጣ ቅቤ ይሸጣል። መግዛት የሚፈልግ ሊገዛ ይችላል፤ ግን ዋጋውንና ጥቅሙን ያመዛዝን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ከሣር በል ላም ቢሆንም እንኳ፣ የሚሰጠው ኦሜጋ 3 እጅግ ጥቂት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ግን የአንድን ሰው የቀን ፍላጎት ሊሸፍን ይችላል። ካሮቲንንም ከካሮት፣ ከስኳር ድንችና ከጎመን በርካሽ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ የሣሩን ጸጋ የሚፈልግ ቤተሰብ በቅቤ ብቻ አይፈልገው፤ ተልባና ጎመን የለመድናቸው የራሳችን ምግቦች ናቸው።

4. ቅቤን በማንኪያ እንለካ

አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወደ 100 ካሎሪና ወደ 7 ግራም የሚጠጋ የረጋ ቅባት አለው። ንጥር ቅቤ ውኃው በእሳት ስለሚጠፋ ከዚህም ይበልጣል። የጤና ባለሙያዎች በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የረጋ ቅባት ከ22 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራሉ። እንግዲህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ያለበት ወጥ የበላ ሰው፣ ሌላ ምንም ሳይበላ የቀን ድርሻውን ጨርሷል ማለት ነው። የረጋ ቅባት ሲበዛ መጥፎው ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ይጨምራል፤ የልብ ሕመምም ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ፦

ሀ. ለመላው ቤተሰብ በሚሠራ የሽሮ ወይም የምስር ወጥ ላይ በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይጨምሩ። ኮረሪማው፣ በሶብላውና ኮሰረቱ መዓዛውን ስለሚሰጡ ብዙ ቅቤ አያስፈልግም።

ለ. ሽንኩርቱን በጥቂት የወይራ ወይም የካኖላ ዘይት ያቁላሉ። ሥጋና ዶሮ ሲሠሩም፣ ሥጋና ወተት በአንድነት የማይበሰሉበት የካሽሩት ሥርዓት ስላለ፣ ብዙ ቤተሰቦች ዘይት ይጠቀማሉ። ዘይቱንም በማንኪያ ይለኩ።

ሐ. የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ በቁፓት ሖሊም የምግብ ባለሙያን ያማክሩ። መድኃኒትዎን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ።

5. አይብና እርጎ

እናቶቻችን ቅቤውን ካወጡ በኋላ አሬራውን አሙቀው አይብ ይሠሩ ነበር። የዚህ አይብ አብዛኛው ቅባት አስቀድሞ በቅቤው ስለወጣ የቀረው በዋነኛነት ፕሮቲን ነው። ለጎልማሳና ለሽማግሌ ከቅቤ ይልቅ የሚመረጥ ምግብ ነው። በሱቅ የሚገኙት ኮቴጅና ባለ 5 በመቶ ነጭ አይብ ከዚህ ጋር ይቀራረባሉ። ባለ 28 በመቶ ቢጫ አይብ ካልሲየም ቢኖረውም ቅባትና ጨው ስላለበት በጥቂቱ ይበላል። እንደ ቡልጋሪያ አይብ ያሉት ነጭ አይቦችም ጨዋቸው ብዙ ነው።

ወተት ሲጠጡ ሆዳቸውን የሚነፋቸው ወይም የሚያስቀምጣቸው ሰዎች እርጎ ቢሞክሩ ይመረጣል። እርጎው ሲረጋ የወተቱ ስኳር ስለሚቀንስ ለብዙ ሰዎች ይስማማል።

የቤት አይብ አሠራር፦ አንድ ሊትር የተፈላ፣ በማሸጊያ የሚሸጥ ወተት በድስት ያሙቁ። ሊፈላ ሲል ያውርዱት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው በቀስታ ያማስሉ። አሥር ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። ጨው መጨመር አያስፈልግም። ከጎመን ጋር ይመገቡት፤ የተረፈውን በማቀዝቀዣ አስቀምጠው በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት።

6. ሊዘነጋ የማይገባው ጥንቃቄ

አራስ ሕፃን፦ በአንዳንድ ቤተሰቦች አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ የቆየ ልማድ ነው። ይህ መቅረት አለበት። ቅቤው ወደ ሳንባው ገብቶ ሕፃኑን ለከባድ ሕመም ሊያደርሰው ይችላል። በእትብቱ ላይም ቅቤ አይቀባም፤ መርዘኛ ጀርም ሊያስገባ ይችላልና። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። በቲፓት ሐላቭ የታዘዙትን የቫይታሚን ዲና የብረት ጠብታዎች በሰዓቱ ይስጡት። ከአንድ ዓመት በፊት የላም ወተት ዋና መጠጡ አይሁን። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅም ቅባቱ የተቀነሰ ወተት አይሰጥም።

ያልተፈላ ወተት፦ በየመንገዱና በየቤቱ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ፣ ያልተፈላ የፍየልና የበግ ወተት አይብ ብሩሴሎሲስ ሊያስይዝ ይችላል። ምልክቶቹ ለሳምንታት የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ናቸው። ለነፍሰ ጡር ሴት ይበልጥ ያሠጋል። በእሳት በደንብ የተነጠረ ቅቤ ከዚህ ጀርም የጸዳ ነው፤ ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ግን ምንጩ ካልታወቀ አይብሉት።

7. በሱቅ ሲገዙ

ዕብራይስጥ ገና የሚማሩ ከሆነ እነዚህን ቃላት ይያዙ፦ ኼምአ ማለት ቅቤ፣ ግቪና ማለት አይብ፣ ሹማን ማለት ቅባት፣ ሹማን ራቩይ ማለት የረጋ ቅባት፣ ናትራን ማለት በጨው ውስጥ ያለ ሶዲየም ነው። ሜፉስታር የሚለው ቃል ወተቱ ጀርሞቹን በሚገድል ሙቀት ማለፉን ያመለክታል፤ ይህ ቃል የሌለበትን አይብ አይግዙ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም የረጋ ቅባት የበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች በሕግ ቀይ ምልክት አለባቸው። ቅቤው ቀይ ምልክት ቢኖርበት አይደንግጡ፤ «በልክ» ማለት ነው። አይብና እርጎ ሲመርጡ ግን ምልክት የሌለበትን ያስቀድሙ።

ማጠቃለያ

የእናትየዋ ጥያቄ መልስ እንዲህ ነው፦ የአባታቸው ቅቤ መድኃኒትም በሽታም አልነበረም። ሣር ያበቀለው፣ ጥቂትና የበዓል ምግብ ነበር፤ አባታቸውም በየቀኑ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። እኚህ እናት ዛሬ ቅቤውን በማንኪያ ይለካሉ፤ ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ማለዳ ማለዳም ከጎረቤታቸው ጋር ይራመዳሉ። የወጣቸው መዓዛ ግን እንደ ጥንቱ ነው። እርስዎም የእናትዎን ሙያ አይጣሉ፤ ልኩን ግን ይጠብቁ።

በቤተሰብ የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. የክረምት መውጫ ቅቤ ስለ ምን ቢጫ ይሆናል?
2. በቤታችሁ ለአንድ ድስት ወጥ ስንት ማንኪያ ቅቤ ይጨመራል?
3. ለአራስ ሕፃን ቅቤ መስጠት ስለ ምን አይገባም?
4. ሜፉስታር የሚለው ቃል ምን ያስተምረናል?
5. አባቶቻችን በየቀኑ ይጓዙት የነበረውን መንገድ እኛ በምን ልንተካው እንችላለን?

ያልገባዎ ነገር ካለ በክሊኒክዎ ያለችውን ነርስ ወይም አማርኛ የሚናገር ባህል አቀራራቢ (ሜጋሼር) ይጠይቁ።