ክራሩን ከማንሳትሽ በፊት

ልጄ፣ ክራር መማር ከጀመርሽ ወዲህ የምትጠይቂኝ ሁሉ ስለ ቅኝት፣ ስለ ግርፍና ስለ ድርድር ነው። ስለ እጅሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔ ግን ጎበዝ የተባሉ ባለሙያዎች ገና በጉልምስናቸው ክራራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ዜማ አልቆባቸው አይደለም፤ እጃቸው እምቢ ብሏቸው ነው። ስለዚህ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ።

1. ከዜማው በፊት ሰውነትሽን አሟሙቂ። ቀኝ ክንድሽን ከክርንሽ ዝቅ ብሎ በግራ እጅሽ ያዢና የቀኝ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ። ከመዳፍሽ ሥር የሚላወስ ነገር ይሰማሻል። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ወደ ጣት የሚደርሱት በእጅ አንጓ በኩል በሚያልፉ ቀጫጭን ጅማቶች ነው። ጣትን ብቻ እያሹ መቀመጥ የማይበቃው ለዚህ ነው። ተነሥተሽ ትንሽ ተራመጂ፣ ትከሻሽን ወደ ኋላ አዙሪ፣ ክንድሽን አወዛውዢ፣ ከዚያ አንጓሽን በቀስታ አሽከርክሪ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በክረምትና በጥቅምት ማለዳ ግን ጨምሪበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷን ታውቂዋለሽ። የቀዘቀዘ ጡንቻ ይገተራል፣ ነርቭም ትእዛዙን የሚያደርሰው በዝግታ ነው። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ከመጫወቱ በፊት እጁንና ክንዱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፍ ነበር። ብዙ ሰው ይህን እንደ አመል አድርጎ ያወራዋል፤ እኔ ግን ከልማዶቹ ሁሉ ይህኛውን ልትወርሺው ይገባል እላለሁ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ማንም ቤት አይጠፋም።

2. ጣትሽን ወደ ኋላ እየጎተትሽ አትለጥጪ። ሳይሞቅ ተጎትቶ የሚቆይ ጡንቻ ለጊዜው ጉልበቱ ይቀንሳል። በረጅሙ ማሳሳብ የሚያምርብሽ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ነው።

3. በዝግታ ጀምሪ። ማሟሟቅ ለኳስ ተጫዋች እንጂ ለክራር አይደለም የሚሉሽ ካሉ ማኅሌት ቆመው ያልሰሙ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን አቋቋም አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፣ በድምፅ ብቻ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ሰውነት ከግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ እሱም በርጋታ ተጀምሮ ነው የሚፈጥነው። ጭብጨባው የሚደምቅበት ጽፋት የሚመጣው ሁሉም ከሞቀ በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሚያድሩት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ማንም ከጽፋት አይጀምርም። አንቺ ግን ክራሩን እንዳነሣሽ ያንን ፈጣን ግርፍ ካላወጣሽ ዕረፍት የለሽም። የምታውቂውን ዜማ ከልማድሽ በግማሽ ፍጥነት ተጫወቺው፣ ለስለስ አድርገሽም ይሁን። በዝግታ ሲጫወቱት ያልጠራ ድምፅ በፍጥነት አይጠራም፤ ይሸፈናል እንጂ።

4. ቅኝትሽን አትቸኩዪበት። ትዝታን ቃኝተሽ ወደ ባቲ፣ ከዚያ ወደ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ስትሻገሪ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ እየነካሽ ታዳምጪያለሽ። ይህ ለጆሮሽም ለጣትሽም የመጀመሪያው ልምምድ ነው። ሞባይል ላይ ባለው መቃኛ በጥድፊያ ጨርሰሽ ወደ ዘፈን መግባትሽን አልወደድኩትም።

5. ግራ እጅሽን ተጠንቀቂላት። ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ግራዋ ግን መሰማት የሌለባቸውን ክሮች አፍና ትቆያለች። ሰው የሚያየው ቀኝሽን ነው፤ የምትደክመው ግን ብዙ ጊዜ ግራዋ ናት፣ ሳትንቀሳቀስ ስለምትሠራ። ክሩን ዝም ለማሰኘት መነካት ብቻ ይበቃዋል፤ አትጫኚው። በየዜማው መሐል እጅሽን አውርደሽ አራግፊያት። ክርንሽንም ለረጅም ጊዜ አጥፈሽ አታቆዪ፤ በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨነቅ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሌሊት ሌሊት እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱሽ ከሆነ ደግሞ የታፈነው በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን ይችላል።

6. የምትዘፍኚ ከሆነ ጉሮሮሽም እንደ እጅሽ ነው። አፍሽን ገጥመሽ በዝቅተኛ ድምፅ አንጎራጉሪ፣ ከንፈርሽን እያርገበገብሽ ድምፅሽን ቀስ ብለሽ ከፍና ዝቅ አድርጊ። ውሃ ከቀኑ መጀመሪያ አንሥቶ ጠጪ። ልክ መድረክ ስትወጪ የምትጎነጪው ውሃ ጉሮሮን ያርሳል እንጂ ወደ ድምፅ አውታር አይደርስም።

7. ሕመምን የትጋት ምልክት አድርገሽ አትቁጠሪ። ይህን ደጋግሜ የምነግርሽ ብዙ ወጣት በዚህ ስለሚሳሳት ነው። አሜሪካዊው ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ የቀኝ እጁ ጣቶች ሳይፈልግ ይታጠፉበት ጀመር። ለሠላሳ ዓመት ያህል ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን ሲጫወት፣ ሲያስተምርና ኦርኬስትራ ሲመራ ቆየ። ሕክምና ረድቶት በሁለት እጁ ወደ መድረክ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የእሱን ሕመም በማሟሟቅ ብቻ ማስቀረት ይቻል ነበር አልልሽም፤ እጅ ሲናገር መስማት ግን ይቻላል። ድካም በዕረፍት ይለቃል። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ የሚያደነዝዝ ወይም በማግሥቱም ያልለቀቀ ሕመም ሲመጣ ክራሩን አስቀምጪ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። ማሸት የሚያውቅ ጎረቤት አለኝ ብለሽ አትዘግዪ፤ የተቆጣ ጅማት በኃይል ሲታሽ ይብሳል።

8. ሰዓት አትቁጠሪ። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ ፒያኖና ቫዮሊን በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደነበር ሰምተሽ እኔም ብለሻል አሉ። እሳቸው በመጨረሻ ጤናቸው ታውኮ ወደ አገራቸው መመለሳቸውንም ስሚ። አንቺ ሃያ አምስት ደቂቃ ተጫውተሽ አምስት ደቂቃ ተነሺ። ከፈተና ወይም ከዝግጅት በፊት ልምምድሽን በአንድ ሳምንት እጥፍ አታድርጊ፤ ከሁሉ በላይ እጅ የሚጎዳው በዚያን ሰሞን ነው።

9. ሠርግ ላይ ስትጠሪ ከመድረኩ በፊት ሩብ ሰዓት እንዲሰጡሽ ገና ስትስማሙ ተናገሪ። ድንኳን ውስጥ ብርድ አለ፣ ጠባቂም ብዙ ነው፣ ቶሎ ውጪ ይሉሻል። ጋቢሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ጥግ ያዢና መጀመሪያ ትከሻ፣ ቀጥሎ አንጓ፣ ከዚያ ዝግ ያለ ትዝታ። ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ክርሽን አንዴ ዳግመኛ አዳምጪው፤ በብርድ ቅኝቱ ይለወጣል።