የሳንባ ካንሰር፡ መጠየቅ የበሽተኛው መብት ነው



በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጀሞ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ አባት በተደጋጋሚ ይመጡ ነበር። «ልጄ፣ ያንኑ የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» ይሉኛል፤ እሰጣቸዋለሁ። በአራተኛው ጊዜ ልብሳቸው ሰፍቷቸው አየሁና «አባባ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኳቸው። «ከሸዋል ጀምሮ ነው» አሉኝ። ወሩ ሙሐረም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውድ አንባቢያን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በሽሮፕ አይታለፍም። በአገራችን በቅድሚያ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ስለሆነ የአክታ ምርመራ ይደረጋል። ይሁን እንጂ የሳንባ ካንሰርም ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የደረት ሕመምና መክሳት ስለሚያስከትል ከቲቢ ጋር ይመሳሰላል። ዋነኛው መንስኤ ሲጋራ ቢሆንም አጭሶ የማያውቅ ሰውም ሊይዘው ይችላል።

የእኚህ አባት አክታ ቲቢ የለበትም ተባለ፤ ፀረ ባክቴሪያ ወስደውም አልተሻላቸውም። ሴት ልጃቸው ግን ዝም አላለችም። ሐኪሙን በአክብሮት «ቲቢ ካልሆነ ምንድን ነው? ናሙና መውሰድ አያስፈልግም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ራጅና ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ናሙና ተወሰደ፤ የሳንባ ካንሰር መሆኑ ታወቀ።

ከዚያ ውጭ አገር ያለው ወንድ ልጃቸው «ኢሚውኖቴራፒ የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ» ብሎ ደወለ። ጎረቤትና የመስጂድ ጀመዓው መዋጮ ጀመሩ። ልጅቷም ወደ እኔ መጣች።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል? አላህ በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት ፈጥሯል። እነዚህ ሕዋሳት ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ የሚገታቸው ፍሬን አላቸው። ካንሰሩ ይህንን ፍሬን ይረግጥና ሳይነካ ያድጋል። ኢሚውኖቴራፒ ፍሬኑን ያስለቅቃል። ለዚህ ግኝት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለሳንባ ካንሰር ተፈቅደዋል። አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጡ ሲሆን ዋጋቸው ለአብዛኛው ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ለአንዳንዱ በሽተኛ ዓመታት ይጨምራሉ፤ ለሌላው ምንም አይጠቅሙም። ስለዚህ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት ሐኪሙን የሚከተለውን ጠይቁ፦

1ኛ. የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ ምንድን ነው?

2ኛ. ናሙናው ፒዲ-ኤል-ዋን ለሚባለው ምልክትና ኢጂኤፍአር እና ኤኤልኬ ለሚባሉት የዘረመል ለውጦች ተመርምሯል? ለውጡ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ኢሚውኖቴራፒ ሳይሆን ኪኒን ይቀድማል።

3ኛ. መድኃኒቱን ማን ይሰጣል? ጉዳት ቢያደርስ ማን ይከታተላል? ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት በሻንጣ የሚላክ ዕቃ አይደለም።

ፍሬኑ የተለቀቀ ሕዋስ ጤነኛውን አካልም ሊያጠቃ ይችላል። አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ ብርቱ ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ፣ ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። የተቅማጥ ኪኒን ከእኛ ገዝታችሁ አትቆዩ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ።

የእኚህ አባት ናሙና ውጭ አገር ተልኮ ሲመረመር ኢጂኤፍአር የተባለው ለውጥ ተገኘበት። መዋጮው ለማይጠቅማቸው መርፌ ሳይወጣ ለሚስማማቸው ኪኒን ዋለ። በሽታው ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬ በእግራቸው ጁምዓ ይሄዳሉ፣ አልሐምዱሊላህ።

አንዳንዶቻችን ሐኪምን መጠየቅ አደብ ማጣት ይመስለናል። አይደለም፤ መጠየቅ ሰበብ ማድረስ ነው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ፣ የሚያስታውስላችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የምርመራ ውጤታችሁንም ቅጂ ተቀበሉ። አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።